የሦስት ወሩን ማን ነገራቸው?

እናቴ የደም ምርመራ ውጤቷን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። በጠዋት ምንም ሳትቀምስ ነበር የሄደችው። የዕለቱ ስኳሯ ደህና ነው፤ ምንም ምልክት የለበትም። ዝቅ ብሎ ያለው ሌላ መስመር ግን በእስክሪብቶ ተከቧል። «ኤዋንሲ» ይላል፤ 6.3 በመቶ። ሐኪሟ «የዛሬው ጥሩ ነው። ያለፉት ሦስት ወራት ግን ስኳርዎ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የከረመው። ገና የስኳር በሽታ አይባልም፤ ከአሁኑ መጠንቀቅ ነው» ብለዋታል።

እሷን ያሳሰባት ቁጥሩ አልነበረም። «ቆይ እስቲ ልጄ» አለችኝ መነጽሯን አውልቃ። «የዛሬውን ዛሬ ቀድተው አዩት፤ እሺ። የሦስት ወሩን ማን ነገራቸው? ያኔ እኮ ደም አልሰጠሁም።»

«ስኳሩ ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል እማ፤ እሱን ለክተው ነው» አልኳት። እውነት ነው፤ ግን አላረካትም። «መጣበቁንስ ይጣበቅ፤ ለምን አይለቅም ታዲያ? ደም እንዴት ነው የሚያስታውሰው?» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። ሲከነክነኝ ሰነበተ።

አንድ ወረቀት ላይ አራቱም

ማታ ወረቀቱን እንደገና ዘረጋሁት። ከላይ ወደ ታች ስወርድ አንድ ነገር ታየኝ። ግሉኮስ አለ፤ ካርቦሃይድሬት ነው። ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ አሉ፤ ከቅባት ወገን ናቸው። ሄሞግሎቢንና አልቡሚን ፕሮቲኖች ናቸው። መጨረሻው መስመር ላይ ዩሪክ አሲድ አለ፤ እሱ ደግሞ ዲኤንኤና አርኤንኤ ከሚሠሩባቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ሲፈርሱ የሚቀር ነው። በባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ በአራት ርዕስ ተለያይተው የተማርናቸው የሕይወት ሞለኪውሎች በአንዲት ገጽ ላይ ተሰልፈዋል።

እነዚያን ርዕሶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ካርቦሃይድሬት ኃይል ይሰጣል፣ ቅባት ኃይል ያከማቻል፣ ፕሮቲን አካል ይገነባል፣ ኒውክሊክ አሲድ (ዲኤንኤና አርኤንኤ) ዘር ያስተላልፋል። ለፈተና የሸመደድነው ይኸው ነው። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በዚህ ዝርዝር የእናቴን ጥያቄ ለመመለስ ብትሞክሩ አንዱም አይረዳችሁም። ኃይል ሰጪ የተባለው ስኳር እዚህ ምልክት ሆኗል። ገንቢ የተባለው ፕሮቲን ምልክቱን ተሸክሟል። መልሱ በአንዱ ርዕስ ውስጥ አይገኝም፤ አራቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው ያለው። ከዚያን ማታ ጀምሮ ሞለኪውሎቹን በየስማቸው መደርደር ብዙም አያጓጓኝም። ማን ከማን ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል የሚለው ነው የያዘኝ።

ስኳሩ ሲጣበቅ

መጀመሪያ ቦታውን እንየው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሚጠጉ የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች አሉ። እያንዳንዱ ሄሞግሎቢን ከአራት የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ሁለቱ አልፋ፣ ሁለቱ ቤታ ይባላሉ። በድምሩ 574 አሚኖ አሲዶች ናቸው። አራቱም ሰንሰለቶች ተጣጥፈው እያንዳንዳቸው ሄም የሚባል ብረት ያለበት ሞለኪውል አቅፈዋል። ኦክስጅን የሚያርፈው እዚያ ብረት ላይ ነው።

ስኳሩ የሚያርፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። የቤታ ሰንሰለት ልክ መነሻው ላይ ቫሊን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ጫፍ ላይ ስለሆነ ናይትሮጅን ያለበት ጎኑ ክፍት ነው። ግሉኮስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበት ሠርቶ ነው የሚኖረው። ቀለበቱ አልፎ አልፎ ይከፈታል። በማንኛውም ቅጽበት ተከፍቶ የሚገኘው ግሉኮስ ከጠቅላላው እጅግ ጥቂቱ ነው። ያ የተከፈተ ጫፍ ከቫሊኑ ክፍት ጎን ጋር ከተገናኘ ይያያዛሉ። መጀመሪያ ላይ ማያያዣው ልል ነው፤ ስኳሩ ተመልሶ ሊላቀቅ ይችላል። ከቆየ ግን አተሞቹ ቦታ ይለዋወጡና ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ አይለቅም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። በሰውነታችን ውስጥ የሚካሄደው ኬሚስትሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢንዛይም አለው። የትኛው ሞለኪውል ከየትኛው ጋር መቼ እንደሚገናኝ የሚወስን፣ ሥራውን የሚያፋጥን ፕሮቲን አለ ማለት ነው። ይሄኛው ግን ያለ ኢንዛይም ነው የሚካሄደው። ማንም አላዘዘውም። ስኳርና ፕሮቲን አንድ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ አብረው ስለቆዩ ብቻ ይሆናል። ስኳሩ በበዛ ቁጥር የሚጣበቀው ይበዛል፤ በቃ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ የትኛውም ቀን ላይ የተለየ ነገር አይታይም፤ አያምም፤ ድምሩ ግን እየተጠራቀመ ነው።

ደግሞ ይህ የሕመምተኛ ብቻ አይደለም። ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው ደም ውስጥም ከመቶ ሄሞግሎቢን አምስት ያህሉ ስኳር ተጣብቆባቸዋል። ቁጥሩ ከ5.7 በታች ከሆነ መደበኛ ይባላል። ከ5.7 እስከ 6.4 ወደ ስኳር በሽታ የማዘንበል ደረጃ ነው። 6.5ና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ መለያ ነው። ስለዚህ የእናቴ 6.3 አዲስ ባዕድ ነገር መግባቱን አይናገርም። ድሮም የነበረው ነገር ትንሽ መብዛቱን ነው የሚናገረው። ይህን ስነግራት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲቀልላት አይቻለሁ።

ይህን ነገር ከስኳር ሕመም ጋር ያገናኘው ሳሙኤል ራህባር የተባለ ኢራናዊ ተመራማሪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1968 ቴህራን ውስጥ የሰዎችን ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ እየለየ ሲመረምር፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደም ላይ ያልተለመደ መስመር አየ። በ1976 ደግሞ ሮናልድ ኮኒግ፣ አንቶኒ ሴራሚና ባልደረቦቻቸው የሕመምተኞቹ ስኳር ሲስተካከል ይህም ቁጥር ተከትሎ እንደሚወርድ አሳዩ። አንድ ጠብታ ደም የወራት ታሪክ እንደሚናገር የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን አይለቅም?

የእናቴ ሁለተኛ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። መጣበቁንስ ይጣበቅ፤ ለምን አይጸዳም?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ምክንያቱም ሰውነታችን ያረጀ ሞለኪውል ሲጠራቀም ዝም ብሎ የሚያይ አካል አይደለም። በ1930ዎቹ ሩዶልፍ ሾንሃይመር የሚባል ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ከተለመደው ትንሽ ከበድ ያለ ናይትሮጅን ያለበት አሚኖ አሲድ ለአይጦች መገበ። ያ ናይትሮጅን ወዲያው ተቃጥሎ ከመውጣት ይልቅ በአይጦቹ ሰውነት ፕሮቲኖች ውስጥ ገብቶ ተገኘ። አይጦቹ ያደጉ ናቸው፤ ክብደት አልጨመሩም። ታዲያ አዲሱ ከገባ አሮጌው ወጥቷል ማለት ነው። የአካላችን ፕሮቲን ያለማቋረጥ እየፈረሰ እየተሠራ ነው። ትናንት ጉበታችሁ ውስጥ የነበሩት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም።

እንዲህ ከሆነ ስኳር የተጣበቀበት ሄሞግሎቢንስ ለምን አይፈርስም?

መልሱን ያገኘሁበት ቅጽበት ስለ ሕይወት ሞለኪውሎች ያለኝን አስተሳሰብ ቀይሮታል። ቀይ የደም ሕዋስ መቅኔ ውስጥ ሲሠራ እንደማንኛውም ሕዋስ ኒውክለስ አለው፤ ዲኤንኤ አለው። ሥራ ሊጀምር ሲል ግን ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥለዋል። ቀጥሎ ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞች ይጠፋሉ። ኃይል የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያዎችም ይወገዳሉ። ቦታው ሁሉ ለሄሞግሎቢን ይለቀቃል። ደም ሥር ውስጥም 120 ቀን ያህል ይኖራል። ከነዚያ ቀናት በአብዛኛዎቹ አንድም አዲስ ፕሮቲን መሥራት አይችልም። መመሪያው የለውም። ይዞት የተነሳውን ሄሞግሎቢን ይዞ ነው የሚያልቀው።

ደም የሚያስታውሰው ለዚህ ነው። ማደስ ስለማይችል።

ይህን ሳስብ ሳስብ አደርኩ ብል ማጋነን አይደለም። የሦስት ወሩ መረጃ የተቀመጠው አንድ ነገር ስላለ ሳይሆን ስለሌለ ነው። ዲኤንኤ ቢኖር፣ አርኤንኤ ቢኖር፣ ፕሮቲኑ ይታደስ ነበር፤ ስኳሩም አብሮ ይጠረግ ነበር። የአንዱ የሞለኪውል ቤተሰብ አለመኖር የሌሎቹን ሁለት ግንኙነት ወደ ማስታወሻ ቀየረው። ስለ ኒውክሊክ አሲድ ሥራ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል የገባኝ የለም። ሲጠፋ የሚሆነውን በማየት ነው ሥራው የታየኝ።

ሌላም አለ። ማይቶኮንድሪያ ስለሌለው ቀይ ሕዋስ ኃይል የሚያገኘው ግሉኮስን ብቻ በመሰባበር ነው። ግሉኮሱን የሚያስገባለት በርም ኢንሱሊን አይጠብቅም፤ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስለዚህ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ስኳር ውጭ ደም ውስጥ ያለውን እየተከተለ ይወጣል ይወርዳል። ቀን ከሌት የሚያኖረው ስኳርና ሄሞግሎቢኑ ላይ የሚጣበቀው ስኳር አንድ ናቸው። ሁለቱን መለየት አይቻልም።

እናቴ «ሦስት ወር» ስትባል የሰማችውም በጥቂቱ ማስተካከያ ይፈልጋል። ደም ውስጥ ያሉት ቀይ ሕዋሳት እኩል ዕድሜ የላቸውም። መቅኔያችን በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ሕዋሳት ያወጣል፤ ያረጁትን ጣፊያና ጉበት ይለቅማሉ። ከሦስት ወር በፊት የነበረውን ስኳር ያዩት አሮጌዎቹ ብቻ ናቸው። ያለፈውን ወር ግን ሁሉም በከፊልም ቢሆን አይተውታል። ስለዚህ የቁጥሩ ግማሽ ያህል የሚመጣው ካለፈው አንድ ወር ነው። ለሚጠነቀቅ ሰው ጥሩ ዜና ነው። የዛሬ ወር የሚደረግ ምርመራ የዛሬውን ጥረት ከወዲሁ ማሳየት ይጀምራል።

በውሃ ላይ የተዘረጋ ቅባት

ቅባት የቱ ጋ ነው የሚገባው? ሕዋሱን ሕዋስ ያደረገው እሱ ነው። ዙሪያውን የከበበው ስስ ሽፋን ባይኖር ሄሞግሎቢኑ ሁሉ ደም ውስጥ ፈሶ ይቀር ነበር። ሽፋኑ የሚሠራው በዋናነት ፎስፎሊፒድ ከሚባሉ ሞለኪውሎች ነው። አንድ ጫፋቸው ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፋቸው ውሃ ይሸሻል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ያለ ማንም እርዳታ ሁለት ረድፍ ሆነው ይሰለፋሉ። ውሃ የሚሸሸው ጎናቸው ወደ ውስጥ ተደብቆ፣ ውሃ ወዳዱ ወደ ውጭ ዞሮ።

ሁለት ረድፍ መሆኑ የታወቀው ከዚሁ ከቀይ የደም ሕዋስ ነው። ሁለት የኔዘርላንድስ ሳይንቲስቶች፣ ጎርተርና ግሬንደል፣ በ1925 የቀይ ሕዋሳትን ቅባት በአሴቶን አወጡና ውሃ ላይ ዘረጉት። አንድ ሞለኪውል ውፍረት ብቻ እስኪኖረው ድረስ። ስፋቱን ሲለኩት ከሕዋሳቱ ገጽ ጠቅላላ ስፋት እጥፍ ያህል ሆነ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕዋስ በሁለት ረድፍ ተጠቅልሏል አሉ። ኋላ ላይ እንደታወቀው ሥራቸው ውስጥ ሁለት ጉድለቶች ነበሩ። ቅባቱ ሁሉ ተሟጦ አልወጣም ነበር፤ የሕዋሱንም ስፋት አሳንሰው ነበር የገመቱት። ሁለቱ ጉድለቶች ተጣፍተው መልሱ ልክ ሆነ።

ለምን ቀይ ሕዋስን እንደመረጡ ሳስብ ይገርመኛል። ሌላ ሕዋስ ቢወስዱ ውስጡ ብዙ ሽፋን አለ። ኒውክለሱ ሽፋን አለው፤ ማይቶኮንድሪያው ሽፋን አለው። የሰው ቀይ ሕዋስ ግን የውጪውን አንድ ሽፋን ብቻ ነው የቀረው። በእናቴ ደም ውስጥ የሦስት ወሩን ስኳር ያስቀመጠው ያው ባዶነት ለነሱ ደግሞ የሽፋንን ምሥጢር ገለጠላቸው።

ተቃራኒውም አለ። በ1869 ፍሬድሪክ ሚሸር የተባለ ወጣት ስዊዘርላንዳዊ ከሆስፒታል በተጣሉ የቁስል መጠቅለያዎች ላይ ያለውን መግል እየሰበሰበ ከነጭ የደም ሕዋሳት ኒውክለስ ውስጥ ፎስፈረስ የበዛበት አዲስ ነገር አወጣ። ዛሬ ዲኤንኤ የምንለው ማለት ነው። የሰው ቀይ ሕዋስ ላይ ቢሠራ ኖሮ ምንም ባላገኘ ነበር። ዛሬም ቢሆን ደም ቀድተን የዘር ምርመራ ስናደርግ ዲኤንኤው በአብዛኛው የሚወጣው ከነጮቹ ነው።

ወደ ወረቀቱ ስመለስ የቅባት መስመሮቹ ላይ አንድ ነገር አልወድም። «መጥፎ ኮሌስትሮል» የሚለውን አጠራር። ኮሌስትሮል አንድ ሞለኪውል ነው፤ ጥሩና መጥፎ የሚባል ዓይነት የለውም። የሕዋሳችን ሽፋን ያለ እሱ አይሆንም። ኮርቲሶል፣ ኢስትሮጅን፣ ቴስቶስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች የሚሠሩት ከእሱ ነው። የሐሞት አሲድም እንዲሁ። ችግሩ ውሃ ውስጥ አለመሟሟቱ ነው፤ ደም ደግሞ ባብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ፕሮቲን ተሸክሞት ይዞራል። ኤልዲኤልና ኤችዲኤል የሚባሉት የነዚህ ተሸካሚዎች ስም ናቸው። በእያንዳንዱ ኤልዲኤል ዙሪያ 4,536 አሚኖ አሲድ ያለው አንድ ግዙፍ ፕሮቲን ተጠምጥሟል። ጉበት ይህን ፕሮቲን የሚለይ ሌላ ፕሮቲን ገጹ ላይ አለው፤ እሱ ነው ተሸካሚውን ከነጭነቱ ከደም የሚያስወጣው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህን በማሳየታቸው ነው። የዚህ ተቀባይ ፕሮቲን ጂን፣ ማለትም ዲኤንኤው ላይ ያለው መመሪያ፣ የተበላሸባቸው ቤተሰቦች አሉ። ምንም ያህል ቢጠነቀቁ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ይላል፤ በወጣትነታቸው የልብ ሕመም ሊያገኛቸው ይችላል። ቁጥሩ የቅባት ነው፤ ችግሩ ግን የፕሮቲን ነው፤ ምንጩ ደግሞ ዲኤንኤ ላይ ነው።

ደማችሁ ምን ዓይነት ነው?

ስኳር ኃይል ብቻ ነው ለሚል ሰው የማነሳለት ጥያቄ ይህ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ኦ። ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን የለየው በ1901 ነው። ልዩነቱ ከምን እንደሆነ የታወቀው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ልዩነቱ የስኳር ነው። የቀይ ሕዋስ ሽፋን ላይ ካሉት ቅባቶችና ፕሮቲኖች አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች ወደ ውጭ ይወጣሉ። ጫፋቸው ላይ ጋላክቶስ የሚባል ስኳር ከተጨመረ ደሙ ቢ ነው። ሌላ ትንሽ የሚለይ ስኳር ከተጨመረ ኤ ነው። ሁለቱም ካሉ ኤቢ። ምንም ካልተጨመረ ኦ።

በአንዲት የስኳር ሞለኪውል ምክንያት ደም ተቀባይ ሊሞት ይችላል። አንድም ካሎሪ አያወጣችሁም፤ ማንነትን ነው የምትናገረው።

ይህ ደግሞ እንዴት ይወረሳል? ዲኤንኤ ስኳር አይጽፍም፤ ቅባትም አይጽፍም። የሚጽፈው አርኤንኤንና ፕሮቲንን ብቻ ነው። ከወላጆቻችን የወረስነው ስኳሩን ሳይሆን ስኳሩን የሚሰካውን ኢንዛይም መመሪያ ነው። የኤ እና የቢ ኢንዛይሞች የሚለያዩት በአራት አሚኖ አሲዶች ነው። በአብዛኛው የኦ ደም ላይ ደግሞ ጂኑ ከተጻፈባቸው የዲኤንኤ ፊደሎች አንዲቷ ጠፍታለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ተዛብቶ ኢንዛይሙ ሥራ አይሠራም። ዲኤንኤው ኢንዛይም ይጽፋል፤ ኢንዛይሙ ስኳር ይሰካል፤ ስኳሩ ቅባት ላይ ይቀመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለሰው ነው፤ እኔ ግን የደም ዓይነት ባነሳሁ ቁጥር ወደ አፌ ይመጣል።

የስኳር ነገር ሲነሳ ተክሎችን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ስታርችና ሴሉሎስ ሁለቱም ግሉኮስ ብቻ ናቸው፤ በግሉኮስ ላይ ግሉኮስ። ልዩነቱ አንዱ ግሉኮስ ከቀጣዩ ጋር የሚያያዝበት አቅጣጫ ነው። በአንዱ አቅጣጫ ሲያያዝ ስታርች ይሆናል፤ ሆዳችን ይፈጨዋል። በሌላው ሲያያዝ ሴሉሎስ ይሆናል፤ ጥጥና እንጨት የቆሙበት ነገር። እሱን የሚቆርጥ ኢንዛይም የለንም። ምን ከምን ተሠራ ብቻ ማወቅ አይበቃም ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አንዲት ፊደል

ወደ ቤታ ሰንሰለት ልመልሳችሁ። ስኳሩ የሚጣበቀው አንደኛው አሚኖ አሲድ ላይ ነው ብያለሁ። ከዚያ ዝቅ ሲባል ስድስተኛው ላይ ግሉታሚክ አሲድ አለ። አንዳንድ ሰዎች ላይ በእሱ ቦታ ቫሊን ይገባል። ከ146 አሚኖ አሲዶች አንዱ ብቻ። ዲኤንኤው ላይ ደግሞ ለውጡ የአንዲት ፊደል ነው፤ ኤ በቲ ተተክቷል።

ግሉታሚክ አሲድ ውሃ ይወዳል፤ ቫሊን ይሸሻል። ውሃ የሚሸሸው ቫሊን መሸሸጊያ ሲፈልግ ጎረቤት ሄሞግሎቢን ላይ ተስማሚ ጎድጓዳ ያገኛል፤ በተለይ ኦክስጅኑ ከለቀቀ በኋላ። አንዱ ከሌላው እየተያያዘ ረጅም ዘንግ ይሠራሉ። ሕዋሱ ይጎብጣል፤ ማጭድ ይመስላል። ጠባብ የደም ሥር ውስጥ ይወተፋል። የማጭዳማ ሕዋስ በሽታ የሚባለው ይህ ነው፤ ከባድ ሕመም ያስከትላል። ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 የዚህ በሽታ ምንጭ የአንድ ሞለኪውል ለውጥ መሆኑን አሳዩ፤ ቬርነን ኢንግራም በ1957 የተለወጠውን አሚኖ አሲድ ለየው።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ልግጠማቸው፤ ምክንያቱም ይህ ሰዎችን የሚጎዳ ጉዳይ ነው። ማጭዳማ ሕዋሳት 120 ቀን አይኖሩም፤ ከ10 እስከ 20 ቀን ያህል ነው የሚቆዩት። ስኳር ለመጣበቅ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው እንኳ ኤዋንሲው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ደም በቅርቡ የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰውም ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ኤዋንሲ የስኳር ብቻ ልኬት አይደለም። የስኳርና የቀይ ሕዋስ ዕድሜ የጋራ ውጤት ነው። የእናቴ ሄሞግሎቢን መስመር ደህና መሆኑን ያየሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ያኔ ነው 6.3ቱን ያመንኩት። እባካችሁ ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ስለ ኢንሱሊንም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ለምን በመርፌ ይሰጣል፣ ለምን እንክብል አይሆንም ይላል። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ 51 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን። ፍሬድሪክ ሳንገር ቅደም ተከተላቸውን አንድ በአንድ ለይቶ በ1958 ኖቤል የተሸለመበት ነው። ሆዳችን ግን ይህን ክብሩን አያውቅለትም። የተዋጠ ፕሮቲን ሁሉ ለእሱ የሚቆራረጥ ነው። ኢንሱሊኑንም ወደ አሚኖ አሲድ ይበትነዋል። አሚኖ አሲዶቹ ሁሉም አሉ፤ ቅደም ተከተላቸውና አጣጣፋቸው ግን ጠፍቷል። መልእክቱ የነበረው እዚያ ላይ ነው። በ1982 ለሕክምና የተፈቀደው የሰው ኢንሱሊን የተሠራው የሰውን መመሪያ በተቀበሉ ባክቴሪያዎች ነው። ባክቴሪያውና ሰው ዲኤንኤን በአንድ ዓይነት ሕግ ስለሚያነቡ ነው ይህ የተቻለው።

የመጨረሻው መስመር

ዩሪክ አሲድ ወረቀቱ ላይ ታች ስላለ ማንም አያየውም። ሪህ ያለበት ሰው ካልሆነ በስተቀር። ዲኤንኤና አርኤንኤ ከተሠሩባቸው ፊደሎች ሁለቱ፣ ኤ እና ጂ፣ ሲፈርሱ መጨረሻቸው እሱ ነው። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ሟሙቶ መቆየት ይከብደዋል፤ መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሊሠራ ይችላል።

አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ይህ ችግር የለባቸውም። ዩሪኬዝ የሚባል ኢንዛይም ዩሪክ አሲዱን በቀላሉ ወደሚሟሟ ነገር ይቀይርላቸዋል። እኛ፣ ቺምፓንዚና ጎሪላ ግን የለንም። የሚገርመው ጂኑ አለን። እያንዳንዱ ኒውክለስ ያለው ሕዋሳችን ውስጥ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዲኤንኤ ላይ፣ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ተሰባብሯል፤ አይሠራም።

በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች የጥንት አጥቢዎችን ዩሪኬዝ ከዛሬዎቹ ዝርያዎች ጂን ተነስተው መልሰው ሠሩት። ኢንዛይሙ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ከትውልድ ትውልድ እየደከመ እየደከመ ነው የቀረው። ይህ የሆነው ለምን እንደሆነ አንድ መላምት አቅርበዋል። ዩሪክ አሲድ ከፍ ማለቱ የፍራፍሬን ስኳር ወደ ቅባት ለመቀየር ቅድመ አያቶቻችንን ረድቷቸው ይሆናል፤ ቅባቱ ደግሞ ምግብ በጠፋበት ወራት አቆይቷቸው ይሆናል ይላል። ገና አከራካሪ ነው። እውነት ከሆነ ግን የተበላሸ የዲኤንኤ ጽሑፍ ፕሮቲን አሳጣን፤ የፕሮቲኑ መጥፋት የስኳርን መንገድ ወደ ቅባት አዞረ፤ ዛሬ ስኳር በማይጠፋበት ዘመን ደግሞ ያው መንገድ ክፍት ነው። ይህን መላምት የሚፈትኑ ጥናቶችን አሁን እየፈለግሁ አነባለሁ።